ጨው ሁሉ አንድ አይደለም
የአርሲ ደጋ አፈር ለምን ይኮመጥጣል? ምንስ ሊደረግለት ይቻላል?

ከእርሻ ኤክስቴንሽን ዘጋቢያችን

አሰላ፤

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የአሰላ ከተማ በደጋና በቆላ መካከል የተቀመጠች ናት። ፊትን ወደ ምሥራቅ ሲያዞሩ የጭላሎ ተራራ ደመና ተከናንቦ ይታያል። ወደ ምዕራብ ሲመለከቱ ደግሞ መሬቱ እያዘቀዘቀ ሄዶ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያርፋል። ክረምት በገባ ቁጥር ከአርሲ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍና ምንጭ ተሰባስቦ የካታርን ወንዝ ይሞላል። ካታር ወደ ዝዋይ ይገባል፤ የዝዋይ ትርፍ ውሃ በቡልቡላ ወንዝ አድርጎ ወደ አብጃታ ሐይቅ ይወርዳል። ከአብጃታ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ውሃው እዚያው በፀሐይ ሙቀት ይተናል።

ይህን የውሃ ጉዞ ከመነሻው ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከላይ በደጋው፣ በሌሙና ቢልቢሎ፣ በዲገሉና ጢጆ እንዲሁም በመሰል ወረዳዎች ገብሱ በአንዳንድ ማሳ ላይ ቀጭጮ ይቀራል፤ ባቄላው ቢጫ ይሆናል፤ ሥሩን ነቅለው ሲያዩት አጭርና ወፍራም ሆኖ ይገኛል። ገበሬው ማዳበሪያውን ቢጨምርም ምርቱ የዚያን ያህል አይጨምርለትም። ምክንያቱ የአፈሩ መኮምጠጥ ነው። ከታች በአብጃታ ዳርቻ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የሐይቁን ውሃ በእጅ ሲነኩት እንደ ሳሙና ያሟልጫል፤ ኮምጣጣነት ብሎ ነገር በአጠገቡ አያልፍም።

ከላይ ኮምጣጣ አፈር፣ ከታች የሶዳ ውሃ። የሁለቱም ሚስጥር አንድ ነው፤ ይኸውም በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ጨው ነው። የትኛው ጨው እንደ ሟሟ፣ የትኛው ታጥቦ እንደ ሄደና የትኛው እንደ ቀረ ያወቀ የማኅበር መሪ የአባላቱ ገንዘብ የት እንደሚባክን ለማወቅ ይችላል። ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን ጉዳይም ይኸው ነው። በየዓመቱ የማዳበሪያ ፍላጎት በሚሰበሰብበት ወቅት ስንት ኩንታል ይምጣ የሚለው ጥያቄ በየማኅበሩ ይነሳል። አፈራችን የሚመጣውን ማዳበሪያ ለመጠቀም ዝግጁ ነውን? የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሳም።

ኮምጣጣነት እንዴት ይለካል?

ሎሚ፣ ኮምጣጤና የቆየ ሊጥ ምላስን የሚቆነጥጡት በውስጣቸው ከሚገኘው የሃይድሮጂን አዮን የተነሣ ነው። አዮን ማለት የኤሌክትሪክ ሙል ያለው እጅግ ረቂቅ የሆነ የንጥረ ነገር ቅንጣት ነው። ሃይድሮጂኑ በበዛ መጠን ውሃው ይኮመጥጣል፤ ባነሰ መጠን ደግሞ ወደ አልካሊነት፣ ማለትም ወደ አመድ ውሃ ጠባይ ያደላል። የዴንማርኩ ኬሚስት ሶረን ሶረንሰን እ.ኤ.አ. በ1909 ይህን የሚለካ ፒ ኤች የተባለ መስፈሪያ አወጣ። በዚህ መስፈሪያ ንጹሕ ውሃ 7 ሲሆን ገለልተኛ ይባላል። ከ7 በታች ያለው ኮምጣጣ፣ ከ7 በላይ ያለው አልካሊ ነው።

እዚህ ላይ በሚገባ ሊጤን የሚገባው አንድ ነገር አለ። የፒ ኤች ቁጥር በአንድ ደረጃ በወረደ ቁጥር ኮምጣጣነቱ በአሥር እጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ 5 የተለካ አፈር 6 ከተለካው «ትንሽ» የሚከፋ ሳይሆን አሥር ጊዜ የሚኮመጥጥ ነው። የአብጃታ ውሃ ወደ 10 ገደማ ይለካል። በበቆጂ አካባቢ ካሉ ኮምጣጣ ማሳዎች 5 ገደማ የሚለካ አፈር ከዚህ ውሃ ጋር ቢነጻጸር ልዩነቱ መቶ ሺህ እጥፍ ነው ማለት ነው። ይህ ሁሉ ልዩነት ደግሞ አንድ ወንዝ በሚያገናኘው አገር ውስጥ የሚገኝ ነው።

ለሰብል ወሳኙ መስመር 5 ነጥብ 5 አካባቢ ነው። ከዚህ በታች ሲወርድ በሸክላው ውስጥ ተቆልፎ የነበረው አሉሚኒየም እየሟሟ ወደ አፈሩ ውሃ ይገባል። አሉሚኒየም የሥርን ጫፍ ይመርዛል። ከዚህም ሌላ አሉሚኒየምና ብረት በማዳበሪያ መልክ የተጨመረውን ፎስፎረስ ይዘው ስለሚያስቀሩ ገበሬው በብድር የገዛው ማዳበሪያ ሰብሉ ሳይደርስበት አፈር ውስጥ ታስሮ ይቀራል።

ሦስት ጨው፣ ሦስት ጠባይ

በተለምዶ ጨው ስንል ወጥ የምናጣፍጥበትን ማለታችን ነው። በኬሚስቶች ዘንድ ግን ጨው የሚባለው አሲድና አልካሊ ተገናኝተው የሚወልዱት ነገር ሁሉ ነው። ስለዚህም የከብት ቦሌ፣ የሶዳ ዱቄት፣ የኖራ ድንጋይና አብዛኛው ማዳበሪያ ሁሉ ጨው ነው። ጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ክፍል የአልካሊ ወላጁን፣ ሌላው ክፍል የአሲድ ወላጁን ይመስላል። የውሃው ጠባይ የሚወሰነውም ከሁለቱ ወላጆች የትኛው እንደ በረታ ነው።

አንደኛው፣ ከአፋር የሚመጣው አሞሌ ነው። ድሮ በአገራችን እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው ይህ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ይባላል። ሁለቱም ወላጆቹ ብርቱዎች በመሆናቸው አንዱ ሌላውን አያሸንፍም። ስለዚህ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ቢሟሟ ውሃው ይጎመዝዛል እንጂ አይኮመጥጥም፤ ፒ ኤቹም 7 ገደማ ላይ ይቆያል።

ሁለተኛው፣ የአብጃታ ሶዳ ነው። ሶዲየም ካርቦኔት የሚባለው ይህ ጨው የአልካሊ ወላጁ ብርቱ፣ የአሲድ ወላጁ ግን ደካማ ነው። ካርቦኔቱ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሃይድሮጂኑን እየለቀመ ይይዛል። አሥር ግራም ያህል በአንድ ሊትር ውሃ ቢበጠበጥ ፒ ኤቹ ከ11 በላይ ይደርሳል። የአርሲ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ወደ ሆራ የሚነዱትና ቦሌ የሚያስልሱት ከብቱ ከሣርና ከተራ ውሃ የማያገኘውን ማዕድን እንዲያገኝ ነው። የቤት እመቤቶች የሚያውቁት የአመድ ውሃም ከዚሁ ወገን ነው። የእንጨት አመድ ፖታሲየም ካርቦኔት ይዟልና። በየጓሮው ያለው አፈር ከሩቅ ማሳ ይልቅ የማይኮመጥጠው አንድም አመድና ፍግ ስለሚደፋበት ነው።

ሦስተኛው፣ የአሞኒየም ጨው ነው። ለምሳሌ አሞኒየም ሰልፌት የተባለው ማዳበሪያ የአሲድ ወላጁ ብርቱው የሰልፈር አሲድ ሲሆን የአልካሊ ወላጁ ደካማው አሞኒያ ነው። ስለዚህ ሲሟሟ ሃይድሮጂን ይለቃል። ያንኑ አሥር ግራም ያህል በአንድ ሊትር ውሃ ብናሟሟ ፒ ኤቹ በ5ና በ6 መካከል ይሆናል። የአሉሚኒየም ጨዎች ደግሞ ከዚህም የባሱ ናቸው። የከተማ ውሃን ለማጥራት የሚጨመረው አሉሚኒየም ሰልፌት ውሃውን በብርቱ ያኮመጥጣል። አሉሚኒየም ከውሃው ጋር ተጣምሮ ሃይድሮጂኑን ስለሚያባርረው ነው። ይህን ነገር ልብ እንበለው፤ በደጋው አፈር ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነውና።

ገለልተኛው ጨው የሚያወጣው ሚስጥር

ከላይ አሞሌ ውሃን አያኮመጥጥም ብለናል። ታዲያ አንድ የሚያስገርም ሙከራ አለ። ማንኛውም የማኅበር መሪ የፒ ኤች ወረቀት ቢያገኝ በቤቱ ሊሠራው ይችላል።

ከአንድ ኮምጣጣ ማሳ የተወሰደ ደረቅ አፈር በሁለት ብርጭቆ እኩል እኩል ይደረጋል። በአንደኛው ላይ ፈልቶ የቀዘቀዘ የዝናብ ውሃ ይጨመራል። በሁለተኛው ላይ ያው ውሃ አንድ ማንኪያ የወጥ ጨው ተበጥብጦበት ይጨመራል። ሁለቱም ተማስለው ግማሽ ሰዓት ያህል ከተቀመጡ በኋላ ከላይ የጠለለው ውሃ በወረቀቱ ይፈተናል። ጨው ያለበት ውሃ ከሌላው የበለጠ ኮምጣጣ ሆኖ ይገኛል። ጨዉ ገለልተኛ፣ ውሃው ገለልተኛ፤ ታዲያ ኮምጣጣነቱ ከየት መጣ?

መልሱን ለማግኘት አፈሩን እንደ በረት እንመልከተው። በሸክላ አፈር ቅንጣት ላይ ብዙ ችካሎች አሉ። በእነዚህ ችካሎች ላይ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ፖታሲየም ታስረው ይኖራሉ። እነዚህ የሰብል ምግብ ናቸው። አፈሩ በኮመጠጠ ጊዜ ግን አብዛኛውን ችካል ሃይድሮጂንና አሉሚኒየም ይዘውት ይገኛሉ። ንጹሕ ውሃ ሲጨመር የታሰሩት እንደ ታሰሩ ይቀራሉ፤ ውሃው የሚያሳየው በደጅ ያሉትን ብቻ ነው። ጨው ሲጨመር ግን የጨዉ ሶዲየም ወይም ፖታሲየም በብዛት ገብቶ ችካሉን ይቀማል። የተባረሩት ሃይድሮጂንና አሉሚኒየም ወደ ውሃው ይወጣሉ። አሉሚኒየሙም እላይ እንደ ተባለው ከውሃው ተጨማሪ ሃይድሮጂን ያወጣል። ስለዚህ ጨዉ ኮምጣጣነትን አልፈጠረም፤ ተደብቆ የነበረውን አወጣው እንጂ።

የአፈር ላቦራቶሪዎችም በዚሁ ዘዴ ይሠራሉ። አፈሩን አንድ ጊዜ በተጣራ ውሃ፣ ሌላ ጊዜ በፖታሲየም ክሎራይድ ጨው ብጥብጥ ይለኩታል። ብዙ ጊዜ 10 ግራም አፈር በ25 ሚሊ ሊትር ብጥብጥ ይታሻል። በጨው የተለካው አብዛኛውን ጊዜ በውሃ ከተለካው ከግማሽ እስከ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ «የማሳችሁ ፒ ኤች 5 ነው» የሚል ወረቀት ከላቦራቶሪ የደረሰው መሪ «በውሃ ነው ወይስ በጨው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። በጨው 5 የተለካ አፈር በውሃ ሲለካ ወደ 6 ሊጠጋ ይችላል። በውሃ 5 የተለካው ግን በጨው ወደ 4 ከግማሽና ከዚያም በታች ሊወርድ ይችላል። ሁለቱን ቁጥሮች እንደ አንድ ቆጥሮ ውሳኔ መስጠት የሰፈሩትን እህል በተለያየ ቁና ለክቶ እንደ ማወዳደር ይሆናል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላም ነገር አለ። በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ወይም ማዳበሪያ በተጨመረ ሰሞን በአፈሩ ውሃ ውስጥ ጨው ይበዛል። በዚያን ጊዜ በውሃ የሚለካው ፒ ኤች ዝቅ ይላል። ክረምቱ ጨዉን ካጠበው በኋላ ደግሞ ከፍ ይላል። ማሳው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጨዉ ነው። ስለዚህ የዘንድሮውን ልኬት ከአምናው ጋር ለማወዳደር ናሙናው በአንድ ዓይነት ወቅት መወሰድ አለበት።

«ማዳበሪያው ንጹሕ ነው» ያልኩበት ቀን

አሁን ወደ ማዳበሪያው እንመለስ። በአርሲ ምድር የማዳበሪያ ታሪክ ረዥም ነው። በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት በ1960 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር አጠራሩ ካዱ፣ ማዳበሪያንና የተሻሻለ የስንዴ ዘርን በብድር ለገበሬው አዳርሷል። በአሰላ አቅራቢያ የሚገኘው የቁሉምሳ የምርምር ጣቢያም የዚያ ዘመን ቅርስ ሲሆን እስካሁን በስንዴ ምርምር ታዋቂ ነው። ከዚያ ወዲህ ዳፕና ዩሪያ ለአርሲ ገበሬ እንግዳ አይደሉም። ዳፕ ከ2000ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ሰልፈር በተጨመረበት በኤን ፒ ኤስ እየተተካ መጥቷል።

ይህ ዘጋቢ ዲፕሎማውን ይዞ ከኮሌጅ በወጣበት በመጀመሪያው ዓመት የሠራውን ስህተት እዚህ ላይ መናገር ይገባዋል። በአንድ የገበሬዎች ስብሰባ ላይ ማዳበሪያ መሬት ያኮመጥጣል የሚል ወሬ ተነሣ። ወሬውን ለማጥፋት በጎበዝነት ተነሥቼ ዳፕ በብርጭቆ ውሃ አሟሟሁና በፒ ኤች ወረቀት ለካሁት። ወረቀቱ 8 ገደማ አሳየ፤ እንዲያውም ወደ አልካሊነት ያደላ ነበር። «አያችሁ፣ ማዳበሪያው ንጹሕ ነው» አልኩ። አንድ አባት ከኋላ ተነሥተው፣ እንዲያ ከሆነ ለብዙ ዓመት ማዳበሪያ የጠጣው ማሳቸው ጭራሽ ካልተነካው ከጓሯቸው ይልቅ ለምን እንደ ኮመጠጠ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። የለካሁት ብርጭቆውን ነው፤ እሳቸው የሚያውቁት ግን ማሳውን ነበር።

እውነቱ እንዲህ ነው። ዳፕ ሲሟሟ በመጀመሪያ ውሃውን አያኮመጥጥም። ዩሪያም ራሱ ጨው አይደለም፤ አፈር ውስጥ ሲገባ ወደ አሞኒየም ካርቦኔት ይለወጥና ለጥቂት ቀናት አካባቢውን አልካሊ ያደርገዋል። ጉዳዩ የሚለወጠው ከዚያ በኋላ ነው። በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒየሙን በአየር ኦክሲጂን እያቃጠሉ ናይትሬት ያደርጉታል። ከአንድ አሞኒየም አንድ ናይትሬትና ሁለት ሃይድሮጂን ይወጣል። በብርጭቆ ውስጥ ባክቴሪያም ጊዜም ስለሌለ ይህ አይታይም። በማሳ ላይ ግን በሳምንታት ውስጥ ይፈጸማል።

ሰብሉ ናይትሬቱን በሙሉ ቢወስደው ከጉዳቱ አብዛኛው ይካሳል። በደጋው ብርቱ ዝናብ ግን ከናይትሬቱ ብዙው ታጥቦ ይሄዳል። ናይትሬት ደግሞ ለብቻው አይሄድም፤ ካልሲየምና ማግኒዚየምን አስከትሎ በጨው መልክ ይወርዳል። በተለቀቁት ችካሎች ላይ ሃይድሮጂንና አሉሚኒየም ይገቡበታል። ይህ በአንድ ዓመት አይታወቅም። በአሥርና በሃያ ዓመት ግን ይታወቃል።

ሁሉም ማዳበሪያ እኩል እንደማያኮመጥጥም መታወቅ አለበት። ዩሪያ በመጀመሪያ ሲለወጥ ሃይድሮጂን ስለሚይዝ በኋላ ከሚለቀው ይቀነስለታል። አሞኒየም ሰልፌት ግን የሚቀነስለት የለም። በተለምዶ በሚሠራበት ስሌት መሠረት አንድ ኩንታል ዩሪያ የሚያመጣውን ኮምጣጣነት ለማስወገድ ወደ 80 ኪሎ ግራም የሚጠጋ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ያስፈልጋል። ለአንድ ኩንታል አሞኒየም ሰልፌት ደግሞ 110 ኪሎ ግራም ያህል ያስፈልጋል፤ ያውም በዚህ ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጂን ከዩሪያው ግማሽ እንኳ የማይሞላ ሆኖ ሳለ ነው።

ይህ ማለት ግን ማዳበሪያው ይቅር ማለት አይደለም። ማዳበሪያ ካልተጨመረ ምርት የለም። ጥፋተኛውም እሱ ብቻ አይደለም። ዝናቡ ራሱ ከጥንት ጀምሮ አፈሩን ያጥባል። ጭዱ ለከብት፣ ኩበቱ ለማገዶ ከማሳው ሲወጣ ካልሲየምና ፖታሲየም አብሮ ይወጣል። ማዳበሪያው ይህንኑ ጉዞ ያፈጥነዋል። ስለዚህ የሚያስፈልገው የተወሰደውን መመለስ ነው።

የተወሰደው የት ሄደ?

የደጋውን አፈር ጥሎ የሄደው ጨው ወንዙን ተከትሎ ይወርዳል። የዝናብ ውሃ ከአየሩና ከአፈሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ የእሳተ ገሞራውን ዓለት ቀስ በቀስ ያሟሟል። ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይዞም ይሄዳል። ዝዋይ ውሃው በቡልቡላ በኩል ስለሚወጣ ጨው አያከማችም፤ ስለዚህም ጣፋጭ ነው። አብጃታ ግን መውጫ የለውም። ውሃው ይተናል፤ ጨዉ ይቀራል። ካልሲየሙ ደለል ሆኖ ሲዘቅጥ ሶዲየምና ካርቦኔት ብቻቸውን ይከማቻሉ። ሐይቁን ሶዳ ያደረገውና በዳርቻውም የሶዳ አሽ ፋብሪካ እንዲተከል ምክንያት የሆነው ይኸው ነው።

እንግዲህ አንድ ሕግ በሁለት ቦታ ሁለት ውጤት ሰጠ። ጨው ታጥቦ በሄደበት አፈር ኮምጣጣነት ቀረ፤ የካርቦኔት ጨው በተከማቸበት ሐይቅ ኮምጣጣነት ጠፋ። ለደጋው መድኃኒቱም ከዚህ ይገኛል። አብጃታን አልካሊ ያደረገው ካርቦኔቱ ነው። ነገር ግን የሐይቁን ሶዳ ማሳ ላይ ማፍሰስ አይቻልም፤ ሶዲየም አፈርን ያበላሻል፣ ሰብልንም ይጎዳል። የሚያስፈልገው ካርቦኔትን ከካልሲየም ጋር የያዘ ጨው ነው። እሱም የኖራ ድንጋይ ነው።

ኖራና ጀሶ ለየቅል ናቸው

የኖራ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። በንጹሕ ውሃ እምብዛም አይሟሟም። ኮምጣጣ አፈር ሲያገኝ ግን ይሟሟል። ካርቦኔቱ ሃይድሮጂኑን ይዞ ውሃና ጋዝ ሆኖ ይጠፋል፤ ካልሲየሙ በተለቀቀው ችካል ላይ ይታሰራል። መርዘኛው አሉሚኒየምም ተመልሶ ይዘቅጣል። በዚህም የታሰረው ፎስፎረስ መፈታት ይጀምራል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። ጀሶም የካልሲየም ጨው ነው፤ መልኩም ነጭ ዱቄት ነው። ነገር ግን ጀሶ ካልሲየም ሰልፌት እንጂ ካርቦኔት አይደለም። ሰልፌት የብርቱ አሲድ ልጅ ስለሆነ ሃይድሮጂን አይይዝም። ስለዚህ ጀሶ ለአፈሩ ካልሲየም ይሰጣል እንጂ ኮምጣጣነቱን አያነሳለትም። ኮምጣጣነትን የሚያነሳው ካልሲየሙ ሳይሆን ካርቦኔቱ ነው።

አንድ ማኅበር በጭነት መኪና የመጣለትን ነጭ ዱቄት ከመረከቡ በፊት ቀላል ሙከራ ሊያደርግ ይችላል። ከዱቄቱ ጥቂት በሰሐን አድርጎ የሎሚ ጭማቂ ወይም ኮምጣጤ ጠብ ማድረግ ነው። ካርቦኔት ከሆነ አረፋ እያወጣ ይፈላል። ጀሶ ከሆነ ዝም ይላል። ይህ ሙከራ የዱቄቱን ዓይነት ያሳያል እንጂ ጥራቱንና የመጠኑን ልክ አያሳይም፤ ለዚያ የላቦራቶሪ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። የዱቄቱም ልመት ወሳኝ ነው። አሸዋ የሚያክል ጥሬ የኖራ ድንጋይ ለብዙ ዓመት ሳይሟሟ ይቀመጣል። ለግንባታ የሚቃጠለው ኖራ ደግሞ ብርቱና እጅን የሚያቃጥል በመሆኑ ያለ ባለሙያ ምክር ለማሳ አይወሰድ።

መጠኑን በሚመለከት አፈሩ እንደ ኮመጠጠው ልክ ይለያያል። በሄክታር 2 ቶን ታዘዘ ቢባል 20 ኩንታል ማለት ነው። አንድ ገበሬ በአህያ አመላልሶ አይጨርሰውም። ለዚህም ነው ጉዳዩ የማኅበር ጉዳይ የሚሆነው። ሙሉውን መጠን በአንድ ጊዜ ለማድረስ አቅም ያነሰው ገበሬ ከመጠኑ ጥቂቱን ከዘሩ መስመር ላይ በየዓመቱ ቢጨምር የሥሩን አካባቢ ሊጠቅም ይችላል። ሆኖም ይህ መላውን ማሳ እንደ ማከም አይቆጠርም።

ከማኅበራት መሪዎች የሚጠበቀው

በመጀመሪያ፣ ሳይለኩ ኖራ መበተን አይገባም። በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ባሉት እንደ ዶዶታና ዝዋይ ዱግዳ ባሉ ዝናብ አጠር ወረዳዎች አፈሩ በአብዛኛው አይኮመጥጥም። እዚያ ኖራ መጨመር ገንዘብ ማባከን ብቻ ሳይሆን ሰብሉ ዚንክና ብረት እንዲያጣ ሊያደርግ ይችላል። ኖራ የደጋው መድኃኒት እንጂ የሁሉም አይደለም።

ሁለተኛ፣ ናሙና በአግባቡ ይወሰድ። ከአንድ ዓይነት ማሳ 15 ያህል ቦታ ላይ እየዞሩ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለውን አፈር በንጹሕ ባልዲ ሰብስቦ መቀላቀል፣ ከዚያም አንድ ኪሎ ያህሉን በጥላ አድርቆ መላክ ይገባል። ከኩበት ክምር፣ ከአመድ መድፊያ፣ ከአጥር ሥርና ማዳበሪያ ከተጨመረበት መስመር አይወሰድ። ጨው የያዘ ከረጢት ወይም የማዳበሪያ ጆንያ ለናሙና መጠቀም ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ምክንያቱን ከላይ አይተነዋል።

ሦስተኛ፣ ውጤቱ ሲመጣ በውሃ ነው ወይስ በጨው ብጥብጥ የተለካው ብሎ መጠየቅና በማኅበሩ መዝገብ ላይ ከወቅቱ ጋር መጻፍ ይገባል። ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ በዚያው ዘዴና በዚያው ወቅት ደግሞ ማስለካት ማሳው ወዴት እየሄደ እንደሆነ ያሳያል።

አራተኛ፣ ኖራው ከዘር ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ተበትኖ በእርሻ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ አለበት። ስለዚህ ትእዛዙና መጓጓዣው መዘጋጀት ያለበት መንገዱ ደረቅ በሆነበት በበጋ ነው። ክረምት ከገባ በኋላ የሚደርስ ኖራ ለዚያ ዓመት ሰብል እምብዛም አይረዳም። ከማዳበሪያ ጋር በአንድ ጊዜ ማደባለቅም አይገባም፤ ኖራ ከአሞኒየም ጨው ጋር ሲገናኝ አሞኒያው በጋዝ መልክ ወጥቶ ይባክናል።

አምስተኛ፣ ኖራ ብቻውን አይበቃም። ፍግና ኮምፖስት ወደ ማሳ መመለስ፣ ጭዱን በሙሉ አለማንሣት፣ ዩሪያን በአንድ ጊዜ ከመዝራት ይልቅ ሰብሉ በሚፈልግበት ሰዓት ከፍሎ መስጠት ናይትሬቱ ታጥቦ እንዳይሄድ ይረዳል። ኖራ እስኪገኝ ድረስም ኮምጣጣነትን ይበልጥ የሚችሉትን እንደ ድንችና አጃ ያሉ ሰብሎች በከፋው ማሳ ላይ መዝራት፣ ገብሱንና ባቄላውን በተሻለው ላይ ማድረግ ብልህነት ነው።

አባቶቻችን «ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ይላሉ። በማሳችን ውስጥ የሚሟሟው ጨው ግን ለራሱ ሲል አይጣፍጥልንም። አንዱ ያኮመጥጣል፤ አንዱ ያለዝባል፤ አንዱ የተደበቀውን ያጋልጣል። የትኛው የት እንደሚገባ መርጦ ማስገባት የሰው ፋንታ ነው። ያ ከኋላ ተነሥተው የጠየቁኝ አባት የፈለጉት መልስ ይህ ይመስለኛል። መልሱን ይዤ ስመለስም ከብርጭቆ ይልቅ ዶማና ባልዲ ይዤ ወደ ማሳቸው መሄድ እንደሚገባኝ ተምሬያለሁ። በመጪው በጋ የማዳበሪያ ዝርዝር ሲዘጋጅ ከኩንታሉ ብዛት ጎን የአፈሩ ልኬት የሚጻፍበት አንድ ዓምድ በየማኅበሩ መዝገብ ላይ ቢጨመር የአባላቱ ብድር ከማሳ ላይ እህል ሆኖ የመመለስ ዕድሉ ይሰፋል።